ሐሳቧን ያሳደረችበት ክፍል

ልብስ ሰፊዋ ለራሷ እውነቱን ያመነችው መቀሷን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘችው ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ነገር ድካም ነው ትል ነበር። የደንበኛ ኪስ አፉን ገጥማ ስትሰፋው ድካም ነው አለች። ካውያውን ሳትነቅል ገበያ ሄዳ ስትመለስ ነጭ ሸሚዝ ጀርባው ጠቁሮ ሲጠብቃት፣ አሁንም ድካም ነው አለች። መቀሱ ግን ከወተቱ ጎን ተጋድሞ በርዶ ስታየው ሌላ ስም ልታወጣለት አልቻለችም። የማቀዝቀዣውን በር ዘጋችና እዚያው ማድቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር፤ ጭንቅላቷ ግን ገበያ ነው። ስፌት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ የጉልበቷ ሕመም ይመጣባታል። እሱን ሳትጨርስ የሚያንጠባጥበው ጣሪያ ይተካል። ጣሪያውን ሳትጨርስ ትናንት ያስረከበችው ልብስ እጅጌው ይረዝም ይሆን የሚለው ይገባል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ስሙን የማትጠራው አንድ ነገር ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። እሱን ዕድሜዋን ሙሉ ከኋላ አቁማው ኖራለች። አንድያ ልጇ፣ አግብታ ሌላ ከተማ የምትኖረው፣ ማርገዟን በስልክ የነገረቻት ቀን ግን ሰልፉን ጥሶ ፊት መጥቶ ተቀመጠ።

መድኃኒቱን ያዘዘችላት ጎረቤቷ ናት። ጎረቤቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ስትሆን፣ ማዋለዱን ብትተውም ሰው ማዘዙን አልተወችም። የሰፈሩን ጉንፋን፣ የባልና ሚስቱን ኩርፊያ፣ የማንንም ድመት ሳይቀር እሷ ካላከመች ደስ አይላትም። የመቀሱን ነገር ስትሰማ አልሳቀችም።

«ጭንቅላትሽ እኮ የዕቃ ቤት ሆኗል» አለቻት። «ስሚኝ። ጠዋት ስትነሺ ስልክሽን እንዳትነኪ። መጀመሪያ መስኮት ክፈቺና የሞቀ ውሃሽን ይዘሽ ቁጭ በይ፤ እስክትጨርሺው ሌላ ነገር የለም። ሥራ ስትጀምሪ ጠረጴዛው ላይ አንድ ልብስ ብቻ ይሁን። እሱን ሳትጨርሺ ሌላ አታንሺ። ሲመሽ ቁርጥራጩን ጠራርገሽ፣ ጠረጴዛውን ባዶ አድርገሽ ተኚ።»

«ይኼስ ቀላል ነው። ሐሳቡንስ ምን ላድርገው እትዬ?»

«ለሐሳብማ ማደሪያ ስጪው። ትርፍ ክፍል አለሽ አይደል? ከሰዓት በኋላ ሥራ ስታቆሚ እዚያ ግቢና ያስጨነቀሽን ሁሉ ድምፅ አውጥተሽ ተናገሪው። አንድም እንዳታስቀሪ። ስትወጪ በሩን ዝጊ። ሌላ ሰዓት ከመጣብሽ ‹ቦታህ እዚያ ነው› በዪው።»

«ለባዶ ክፍል ላውራ? ሰው ምን ይለኛል?»

«መቀስ ከወተት ጋር ከምታስተኚ ይሻላል።»

ትርፉ ክፍል የልጅቷ የድሮ ክፍል ነው። ጠባብ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚያይ መስኮት አለው። የመጀመሪያው ቀን ሰፊዋ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ አፏ እምቢ አላት። ጉሮሮዋን ጠራረገች። መጋረጃውን አስተካከለች። ማንም እንደሌለ እያወቀች ዞራ ወደ ኋላዋ አየች። ከዚያ ለሐኪም እንደምትናገር «ጉልበቴን ያመኛል» አለች። ግድግዳው ምንም አላላትም። «ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ አንድ ቀን ተደርምሶ ይገድለኛል» አለች። ይህንንም ዝም ብሎ ተቀበላት። ወጥታ በሩን ስትዘጋ ትከሻዋ ቀለላት።

ቀን በቀን እየለመደችው ሄደች። ጠዋት መስኮቷን ከፍታ ውሃዋን እፍ እያለች ትጠጣለች። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ልብስ ብቻ ይቀመጣል። ስፌቷ ቀጥ አለ፤ ደንበኞቿም «ምን ተገኘ? ፊትሽ በራ» ይሏት ጀመር። ደንበኛዋ የሆኑ አንድ ዳኛ ካፖርታቸውን ወስደው ከወጡ በኋላ የግራ እጅጌው ገበር ተጠማዞ ይሆን የሚል ሐሳብ ብልጭ ሲልባት፣ እንደ ድሮው ተከትላቸው ልትሮጥ አልተነሳችም። «ቦታህ እዚያ ነው» አለችው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ገብታ ተናገረችውና ረሳችው።

አንድ ቀን ደግሞ ደፈረችና ከኋላ የቆመውን ነገር ይዛ ገባች።

ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ሰፊዋ ሁለት ወንዶች ወልዳ ነበር። የመጀመሪያው ጥቂት ሳምንታት ኖሮ ታሞ ሄደ። ሁለተኛው በተወለደበት ቀን፣ ስም ሳይወጣለት፣ እቅፏ ውስጥ ሄደ። ሌላ ከተማ ሳሉ የሆነ፣ የቆየ ነገር ነው። ከባሏ በቀር ያወቀ አልነበረም፤ ባሏም ይዞት ተቀብሯል። ለልጅቷ አልነገረቻትም። ትንሽ ሳለች ምን ያደርግላታል ብላ ተወችው፣ ስታድግ ጊዜው አለፈ ብላ ተወችው፣ አሁን ስታረግዝማ እንዴት ተደርጎ። ይህን ሁሉ፣ ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ሳይቀር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለዚያ ክፍል ነገረችው። መጨረሻ ላይ «እነሱ እንደሄዱብኝ የሷም ቢሄድባትስ?» አለች። ተነስታ ወጣችና በሩን ዘጋች። ያን ዕለት ከስንት ዘመን በኋላ እንቅልፍ ጣላት።

ዕቃ አውጥቶ መጣልና ዕቃ ሌላ ክፍል መክተት አንድ አይደለም። ይህን ቤት ያጸዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰፊዋም ጠፍቷት አይደለም። ግን ቀለላት፤ ሰው ሲቀለው ደግሞ የወረደው ሸክም የት እንዳረፈ አይጠይቅም። የክፍሉ በር ሲከፈት ከውስጥ ሰው የያዘው ያህል መክበድ ሲጀምር፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው አለች። በበሩ ስታልፍ የሚንሾካሾክ ነገር ሲሰማት፣ የጎረቤት ሬዲዮ ነው አለች። የጎረቤቷ ሬዲዮ ከተበላሸ ቆይቷል።

ልጅቷ የመጣችው ልትወልድ ወር ሲቀራት ነው። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ባሕር ላይ ነበር። እሷ ደግሞ የመብራት ሠራተኛ ናት፤ ወገቧን በቀበቶ ታስራ ምሰሶ ላይ እየወጣች ሽቦ የምትቀጥል። ነፋስ ምሰሶውን ሲያወዛውዘው እላይ ሆና የምትዘፍን ሴት ናት ይሏታል የሥራ ጓደኞቿ። ሆዷን አስቀድማ በር ላይ ቆመችና «እማ፣ ሁለት ሆነን መጣን፤ የሚበላ አለ?» ብላ ሳቀች። ሰፊዋም ሳቀች። የመኝታዋ ነገር ሲነሳ አንድ አፍታ ቅር አላት፤ ግን ሌላ ክፍል የለም፣ ምክንያቱንስ ምን ብላ ትናገር? ንጹሕ አንሶላ አነጠፈችላት።

በማግስቱ ጠዋት ሰፊዋ መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ልጅቷ ፀጉሯ ተንጨባሮ ወጣች።

«እማ፣ ዳኛው እጃቸውን ሲያስገቡ ገበሩ ቢጠመዘዝባቸውስ?»

«የቱ ዳኛ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ልጅቷ ዓይኗን እያሻሸች። «ስነቃ አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው። ግራ እጅጌው።»

ሰፊዋ የያዘችውን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ካፖርቱ ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት ሄዷል፤ ስለ ገበሩ ለማንም ሰው ተንፍሳ አታውቅም። «ቅዠት ነው፣ የኔ እናት፤ እርጉዝ ሴት ያልሆነ ነገር ታልማለች» አለቻትና ቁርስ አቀረበችላት። ለራሷም የነገረችው ይህንኑ ነው።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ልጅቷ በቀኝ ጉልበቷ ታነክስ ጀመር፤ ልክ ሰፊዋ በምታነክስበት በኩል። ከዚያ ደግሞ ቀና ብላ ጣሪያ ጣሪያ ማየት አመጣች። ደመና የሌለበት ቀን፣ ጣሪያውም ከተጠገነ በኋላ፣ «አንድ ቀን ተደርምሶ ይገድለኛል» ስትል ሰፊዋ ማድቤት ውስጥ ሰምታት ክው አለች። ቃሉ የራሷ ነው። የአነጋገሩ ዜማ ሳይቀር፣ መጨረሻው ላይ ድምፅን ዝቅ ማድረጉ ሳይቀር የራሷ ነው። ልጅቷ ሳቋ ጠፋ። ምሰሶ የማያስፈራት ሴት ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ ትይዝ ጀመር።

አዋላጇ መጥታ መረመረቻት። ሆዷ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፣ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረች፣ ጣቶቿን ተጫነች። ከዚያ ሰፊዋን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ውጭ አወጣቻት።

«ልጁ ደህና ነው፤ ልቡ እንደ ፈረስ ይጋልባል። ልጅሽ ግን አትተኛም፣ አትበላም፣ ደም ግፊቷ ወጥቷል። ምንድን ነው ያስፈራት? እንዲህ ሆና ምጥ ከመጣባት ለሁለቱም ያሰጋል፤ አልደብቅሽም።»

«የሆነ ነገር ነግራዎታለች?»

«ያልሆነ ነገር ነው የምታወራው። ‹ትንሹ እግሩ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ፤ በትንፋሼ ባሞቀው ባሞቀው እምቢ አለኝ› ትለኛለች። የማን እግር ነው ስላት አላውቅም ብላ ታለቅሳለች።»

ሰፊዋ የበሩን መቃን ያዘች። ያን እግር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ሁለተኛው የሄደ ቀን ባሏ ሐኪም ሊጠራ ሮጦ ነበር፤ እሷ ብቻዋን ነበረች። በአውራ ጣቷ እያሻሸች፣ አፏ ውስጥ ከታ በትንፋሿ እያሞቀች የታገለችለትን ያንን እግር የነገረችው ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። እዚያው ደጃፍ ላይ ለአዋላጇ ሁሉንም ተናገረች፤ ሁለቱን ልጆች፣ በየቀኑ የምታወራውን፣ የዳኛውን ካፖርት፣ ጣሪያውን።

አዋላጇ በመጀመሪያ «ተይ እንጂ» አለች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባችና ትንሽ ቆይታ ወጣች። ፊቷ ተለውጧል።

«እኔ የማውቀው የሰው ገላ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሐሳብ ሲናገሩት እንደ እንፋሎት የሚበን ነበር የመሰለኝ። አልበነነም። እዚያ ውስጥ ያንቺ ድምፅ ሞልቷል። ልጅሽን ከዚያ አውጫት።»

በዚያው ቀን ሰፊዋ የራሷን አልጋ ለልጅቷ ለቀቀችላት። ልጅቷ እሺ ብላ ተኛች፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል፣ ልጇ በባዶ እግሯ ግድግዳ እየዳበሰች ወደ ክፍሏ ስትመለስ አየቻት።

«የት ነው ልጄ?»

«እዚያ የሚያለቅስ አለ፣ እማ» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ግን የነቃች አትመስልም። «ብቻውን ልተወው? ማን ያነሳዋል?»

ሰፊዋ ይዛ በቀስታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። አዋላጇን ጠርታ «እባክዎ እትዬ፣ ይዘዋት ወጣ ይበሉ፤ ፀሐይ ያግኛት» አለቻት። አዋላጇ ልጅቷን ክንዷን ይዛ፣ ጫማዋን እያጠለቀችላት፣ ስለ አንድ የሰፈር ድመት እያወራች ወሰደቻት። ሰፊዋ ስፌት መኪናዋን ከደነችና ወደ ክፍሉ ገባች።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። በዚህ ቦታ ሁልጊዜ ተናጋሪዋ እሷ ነበረች፤ ዛሬ ዝም አለች። መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ትንፋሽ ነው። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ በቀስታ «ጉልበቴን ያመኛል» አለ። ከመስኮቱ ሥር ሌላው «እጅጌው ይረዝም ይሆን?» አለ። ሁሉም እሷ ናቸው፤ ሁሉም በተናገረችበት ሰዓት በነበራቸው ድምፅ፣ አንዳንዱ ጉንፋን እንዳለበት፣ አንዳንዱ እንደተቆጣ፣ እርስ በርስ እየተሻሙ ያወራሉ። ፀሐይ መጋረጃው ላይ ነበረች፣ ውጭ መኪና ያልፋል፣ እሷ ግን ከአልጋው ብድግ አለች። ሮጣ መውጣት ፈለገች። ልጇ ለስንት ሌሊት ይህን እየሰማች መተኛቷ ትዝ ሲላት ቁጭ አለች።

«እሺ፣ የኔ ናችሁ» አለች። «አንተም የኔ ነህ፣ ና። አንቺም ነይ።»

እየተጠሩ መጡ። ጉልበቱ ጉልበቷ ውስጥ ተመልሶ ገባ፤ ጣሪያው ጭንቅላቷ ላይ ከበደ፤ የዳኛው ገበር ሳይቀር መጥቶ ቦታውን ያዘ። ክፍሉ እየቀለለ እሷ እየከበደች ሄደች። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። እሱ ቃል የለውም። አልጋውና ግድግዳው መሀል ካለው ጥግ፣ ጡት ያጣ ሕፃን ደክሞት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

ሰፊዋ ያን ጊዜ ገባት። ፍርሃቱን ብቻ አውጥታ የዘጋችበት መስሏት ነበር። ልጆቿንም አብራ ነበር ያስወጣቻቸው። በእነዚያ ሁሉ ጸጥ ባሉ ጠዋቶች፣ መስኮት ከፍታ ውሃዋን ስትጠጣ፣ ፊትሽ በራ ስትባል፣ አንድም ቀን አላስታወሰቻቸውም። ሁለቱን ጨለማ ውስጥ ቆልፋባቸው፣ እሷ ተኝታለች። ሲያለቅሱ የሰማቻቸው እህታቸው ናት።

«ኑ» አለች። «እናታችሁ ነኝ። ኑ ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ፣ ኑ።»

እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ፍርሃቱ ቀድሞ ገባ፤ ያው የድሮው ነው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው። ቀጥሎ መዳፏ ውስጥ ያ ቅዝቃዜ፣ ከአውራ ጣቷ የማይበልጠው፣ መጥቶ ተቀመጠ። ጣቶቿን አጠፈችበት። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋ፤ እሷ ግን አልቅሳ አልጠገበችም።

ልጅቷ ከመንገድ ስትመለስ «ራበኝ» ብላ ገባች። እናቷ ያቀረበችላትን በልታ፣ የአዋላጇን ድርሻ ጨምራ በልታ፣ ክፍሏ ገብታ እንደ ድንጋይ ተኛች። ስትነቃ ስለ እግርም ስለ ዳኛም የምታስታውሰው አልነበረም። አዋላጇ በየቀኑ እየመጣች ግፊቷን ትለካለች፤ እየወረደ ሄደ። «አንቺስ?» ትላለች ወደ ሰፊዋ ዞራ። «ጭንቅላትሽስ?»

«ሞልቷል እትዬ። ግን ሁሉም ቤተኛ ነው።»

መስኮቱንና የሞቀ ውሃውን አልተወችውም፤ ይጠቅማታል። ጠረጴዛዋም ላይ አንድ ልብስ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ብቻ በዚያ ሰዓት አሁን ብቻዋን አትቀመጥም። ሁለቱ ልጆቿ ይመጣሉ፤ ስለ ትልቁ ሳል፣ ስም ስላልወጣለት ትንሹ ታስባለች፤ አንዳንዴ ውሃው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። የሚበላት ፍርሃት አለ፤ ትበላዋለች እንጂ ለማንም አትሰጠውም።

ምጡ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ልጅቷ አልጋውን ጨብጣ «ከምሰሶ መውረድ ይቀላል» እያለች፣ በሕመሙ መሀል ሳይቀር ቀለደች። ሰፊዋ ግን ውሃ ስታቀብል ደፋች፣ ፎጣ ስትባል ትራስ ሰጠች።

«እማ፣ የምትወልጂው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ይህችን ሴትዮ ከፊቴ አንሱልኝ» አለች አዋላጇ፤ የሚያነሳት ግን ማንም አልነበረም፣ እሷም ንቅንቅ አላለች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን በመሀረብ ይዛ ቆመች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ አዲስ፣ የተቆጣ፣ ከማንም ያልተዋሰ ጩኸት።

«ሴት ናት» አለች አዋላጇ። ጠቀለለችና ለሰፊዋ ሰጠቻት። «ያዣት፣ እናቷን ላያት።»

ሰፊዋ የሕፃኗን ፊት አላየችም። ጨርቁን በአንድ እጇ ገልጣ ወደ ውስጥ ዳበሰች። ልጅቷ ላብ እንዳጠመቃት ከትራሷ ቀና አለች።

«ምን ትፈልጊያለሽ እማ? ፊቷን እዪያት እንጂ።»

«ምንም» አለች ሰፊዋ። «እግሯን ላሙቅላት ብዬ ነው።»

እግሯ ሙቅ ነበር። ሰፊዋ አልለቀቀችውም፤ አዋላጇ ጨርሳ እጇን እስክትታጠብ፣ ልጅቷ «ስጪኝ እንጂ ልያት» ብላ እስክትለምን፣ አፏን አስጠግታ እፍ ትልበት ነበር።